ለሰዓቱ ማን ይመስክር?

መምህሩ፦ አቶሚክ ሰዓት? እዚህ አዳማ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ? እንግዲያስ መጀመሪያ ስሙን ለውጠው። ጉምሩክ ሄደህ «አቶሚክ የሚባል ዕቃ መጥቶልኛል» ያልክ ቀን ከዕቃው በፊት የምትፈተሸው አንተ ነህ።

ወጣቱ፦ የሚያስፈራው ስሙ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ቦምብ የለው፣ የሚያሰጋ ጨረር የለው። ሲዚየም 133 የማይፈርስ፣ የረጋ አቶም ነው። ሩቢዲየም 87ም ቢሆን ግማሹ እስኪፈርስ 49 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህ ከመሬት ዕድሜ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሰዓቱ የአቶም መፍረስ አይቆጥርም። አቶሙ ውስጥ እጅግ የተቀራረቡ ሁለት የኃይል ደረጃዎች አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ልኩ የሆነ ማይክሮዌቭ ሲያገኝ ነው። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ አይነቃነቅም። ያ ልክ ደግሞ እንግሊዝ አገር ላለውም አዳማ ላለውም አቶም አንድ ነው።

መምህሩ፦ ሰከንድ ማለት የሲዚየም 9,192,631,770 ንዝረት ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1967 መወሰኑን እኔም ሳስተምር ኖሬያለሁ። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። ልዊ ኤሰንና ጃክ ፓሪ በተግባር ያገለገለውን የመጀመሪያ የሲዚየም ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1955 የሠሩት ቴዲንግተን በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። ከኋላቸው መንግሥት ነበረ። ካንተ ኋላ ማን አለ?

ወጣቱ፦ ሰባ ዓመት አለ። ያኔ ክፍል ይሞላ የነበረው መሣሪያ ዛሬ መጽሐፍ ያክላል። በሞባይል ማማዎች ሲያገለግሉ የኖሩ የሩቢዲየም ሳጥኖች ማማው ሲታደስ ይነቀላሉ፤ ብዙዎቹ ቻይና ውስጥ ተሰብስበው በኢንተርኔት ከ100 እስከ 200 ዶላር ሲሸጡ ቆይተዋል። አንዳንዱ ሳጥን 24 ቮልት ይሰጠዋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሞቃል፣ ከዚያ የረጋ 10 ሜጋኸርዝ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለገበያ የወጣው ትንሹ ደግሞ 35 ግራም ነው የሚመዝነው፤ የሚበላው ኃይል ከ120 ሚሊዋት በታች ነው።

ቴክኒሻኗ፦ ቆይ እስቲ። ያገለገለ ሳጥን ገዝቶ መብራት መስጠት አቶሚክ ሰዓት መሥራት ሆነ እንዴ? እኔ ስንቱን ስክሪን ስቀይር እውላለሁ፤ ስልክ ፈጠርኩ ብዬ ግን አላውቅም።

ወጣቱ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ እኔም ያሰብኩት እሱን አይደለም። ሩቢዲየሙን ራሴ ብልቃጥ ውስጥ ልሙላም አላልኩም፤ አየር ሲያገኘው የሚቀጣጠል ብረት ነው። እኔ የምለው መካከለኛውን መንገድ ነው። የታሸገው የመስታወት ብልቃጥ ይገዛል፤ ሌላው ሁሉ እዚህ ይሠራል። ማሞቂያው፣ የማግኔት መከላከያው፣ ሌዘሩን የሚነዳው ሰርኪዩት፣ ማይክሮዌቩ፣ ሁሉን የሚያያይዘው ፕሮግራም።

መምህሩ፦ እንዴት እንደሚሠራ ንገራት፤ ባጭሩ ግን።

ወጣቱ፦ ብልቃጡ ወደ 70 ዲግሪ ይሞቅና ውስጡ ያለው ሩቢዲየም ይተናል። በአንድ በኩል 795 ናኖሜትር ብርሃን የሚያወጣ ትንሽ ሌዘር፣ በሌላው በኩል ፎቶዳዮድ ይቆማል። ብርሃኑ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌዘሩን በ3.417 ጊጋኸርዝ ስናርገበግበው የብርሃኑ ድግግሞሽ ከፍና ዝቅ ወዳሉ ሁለት ጎኖች ይከፈላል፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ልዩነት እጥፉ፣ 6.834 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ያ ልዩነት የሩቢዲየም 87ን ቁጥር፣ 6,834,682,610 ኸርዝን ሲገጥም አቶሞቹ ብርሃኑን መዋጥ ይቀንሳሉ። ፎቶዳዮዱ ላይ ትንሽ ጉብታ ትታያለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ያቺን ጉብታ አለመልቀቅ ነው። ለማይክሮዌቩ መነሻ የሆነው ኳርትዝ በተንሸራተተ ቁጥር ጉብታዋ ትወርዳለች፤ ሰርኪዩቱ ይህን አይቶ ኳርትዙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሚቆጥረው ኳርትዙ ነው፤ አቶሙ ተቆጣጣሪው ነው።

ቴክኒሻኗ፦ 3.4 ጊጋ? የኔ ኦሲሎስኮፕ 100 ሜጋ ላይ ያበቃለታል። ይህን በምን ታመነጨዋለህ?

ወጣቱ፦ ኤዲኤፍ 4351 የሚባል ቺፕ አለ፤ ከ35 ሜጋኸርዝ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ያመነጫል። ቦርድ ላይ ተገጥሞ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይሸጣል። በኤሰን ዘመን ለዚህ የተለየ የማይክሮዌቭ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ በኮምፒውተር ያዘዋል።

ቴክኒሻኗ፦ ሙቀቱስ? መጋቢት ላይ እዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምን እንደሚመስል ታውቃለህ።

ወጣቱ፦ ሲዚየም ቢሆን ኖሮ ያለ ማሞቂያም በመጋቢት ይቀልጥልን ነበር፤ መቅለጫው 28.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለሩቢዲየሙ ግን የአዳማ ሙቀት ያን ያህል ጠላት አይደለም። ብልቃጡ ከክፍሉ በጣም ስለሚሞቅ ቀንም ሌሊትም በአንድ ሙቀት መያዝ ይቻላል። የሚያስቸግረው ዙሪያው ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነው።

መምህሩ፦ ሙቀቱን ተወው፤ መፍትሔ አይጠፋለትም። ጉብታዋን አገኘሃት እንበል። እሷ ላይ ያነበብከው ቁጥር ግን የንጹሑ አቶም ቁጥር አይደለም። ሩቢዲየሙ የብልቃጡን ግድግዳ እየመታ እንዳይረበሽ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ይጨመርበታል፤ ጋዙ ደግሞ በተራው ድግግሞሹን ይገፋዋል። እንደ ግፊቱ በመቶዎች፣ ሲበዛም በሺዎች ኸርዝ። 1,000 ኸርዝ ብቻ ገፋው እንበል። አስላው እስቲ።

ወጣቱ፦ ለ6.8 ቢሊዮን ሲካፈል... በዓመት 4.6 ሰከንድ።

መምህሩ፦ በዓመት አራት ሰከንድ ተኩል የሚስት «አቶሚክ ሰዓት»! በዓመት ከ5 ሰከንድ በላይ አይስቱም ተብለው የሚሸጡ የኳርትዝ የእጅ ሰዓቶች አሉ እኮ። ሌዘርም፣ ብልቃጥም፣ ጉምሩክም አላስፈለጋቸውም።

ወጣቱ፦ ትስታለች፤ ግን ዛሬም ነገም ያንኑ ያህል ነው የምትስተው። ሰዓት የሚያበላሸው የሚለዋወጥ ስሕተት ነው። ቋሚውን አንድ ጊዜ ለክቶ መቀነስ ይቻላል። የፋብሪካዎቹም ሩቢዲየሞች የሚሸጡት ተስተካክለው ነው፤ በዓለም ላይ ያለ የጋዝ ብልቃጥ ሰዓት ሁሉ ይህ ዕዳ አለበት። በጂፒኤስ ጥቂት ሳምንት አስተያይቼ ብቀንሰው...

መምህሩ፦ አየሽ፣ አመጣት! ጂፒኤስ። እኔ ስጠብቅ የነበረው ይህችን ነው። ሰማይ ላይ ሠላሳ ገደማ ሳተላይት ሲዚየምና ሩቢዲየም ተሸክሞ ሌት ተቀን ሰዓት በነጻ ያድላል። ርካሽ መቀበያ ብትገዛ በየሰከንዱ የምትሰጥህ ምት ከእውነተኛው ሰዓት በጥቂት አሥር ናኖሰከንዶች ብቻ ነው የምትርቀው። ከእሷ ጋር ደህና ኳርትዝ ብታስር ለረጅም ጊዜ ልክነት አንተ የምትሠራውን ሩቢዲየም ታስከነዳለች። ያንተን ሰዓት የሚያርመው ጂፒኤስ ከሆነ፣ ያንተ ሰዓት ለምን አስፈለገ? እስኪ ይህን መልስልኝ።

ወጣቱ፦ አንድ ቀን ልጥቀስልዎ። ጥር 26 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. አንድ አሮጌ የጂፒኤስ ሳተላይት ከአገልግሎት ሲወጣ በተፈጠረ የመረጃ ስሕተት አንዳንድ ሌሎች ሳተላይቶች ለሰዓታት በ13 ማይክሮሰከንድ ገደማ የተዛባ ሰዓት አሰራጩ። በተለያዩ አገሮች የቴሌኮም መሣሪያዎች ማስጠንቀቂያ አሰሙ፤ የቢቢሲ ዲጂታል ሬዲዮ ሥርጭትም ታወከ። መቀበያ ብቻ የያዘ ሰው ያን ቀን ምንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። የተነገረውን ያምናል።

መምህሩ፦ አንተስ ታውቅ ነበር?

ወጣቱ፦ አዎ። ሩቢዲየሟ ከ100 ቢሊዮን አንድ ብትረጋ በቀን የምትስተው ከ1 ማይክሮሰከንድ በታች ነው። 13 ማይክሮሰከንድ በሰዓታት ውስጥ ሲዘል ለእሷ ትልቅ ዝላይ ነው። እርስዎ ያሉት የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ግን አያየውም።

መምህሩ፦ ጥሩ። ለአንድ ቀን፣ ያውም በስንት ዓመት አንዴ ለሚመጣ ቀን መለሰችልህ።

ቴክኒሻኗ፦ ጋሼ፣ እሱስ ተመልሷል። እኔ ግን ማወቅ የምፈልገው በቤቱ ተቀምጦ እንዲህ ያለ ነገር የሞከረ ሰው መኖሩን ነው። ወይስ ወሬ ነው?

ወጣቱ፦ አለ እንጂ። ቶም ቫን ባክ የሚባል አሜሪካዊ የሰዓት አፍቃሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት የሲዚየም ሰዓቶችንና ሦስት ልጆቹን በቤት መኪና ጭኖ ሬኒየር ተራራ ላይ ወጣ። ሁለት ቀን ያህል አደሩ። ሲመለሱ የተጫኑት ሰዓቶች ቤት ከቀሩት በ22 ናኖሰከንድ ገደማ ቀድመው ተገኙ፤ አንስታይን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጊዜ ይፈጥናል ያለው ሒሳብ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ተቀራራቢ ነው። ላቦራቶሪ የለ፣ የምርምር በጀት የለ።

መምህሩ፦ ሰዓቶቹን ግን እሱ አልሠራቸውም። የፋብሪካ ሲዚየም ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው የሲዚየም ቱቦ ሲያልቅ የሚቀየርበት ዋጋ ብቻ ብዙ ሺህ ዶላር ነው።

ወጣቱ፦ እውነት ነው። ግን ሐሳቡን ወደ እኛ ያምጡት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 1,500 ሜትር፣ በፍጥነት መንገዱ የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አይሆንም። እንጦጦ ላይ ያለ ሰዓት አዳማ ካለው በቀን 14 ናኖሰከንድ ይቀድማል። ከስምጥ ሸለቆ ወለል ተነስቶ ጠርዙ ላይ መውጣት ነው፤ ለዚህ ሙከራ እንዲህ የተመቸ አገር የት ይገኛል?

መምህሩ፦ አገሩ ተመችቷል፤ ሰዓትህ ግን አልተመቸም። የሩቢዲየም ድግግሞሽ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። በቀን ከትሪሊዮን አንድ ብቻ ይንሸራተት፣ ይህ ደግሞ ለቤት ሥራ በጣም ጥሩ ውጤት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ40 ናኖሰከንድ በላይ ታከማቻለህ። የምትፈልገው 14 ነው። በመኪና ተንገጫግጮ፣ ሙቀቱ ተለውጦ፣ ባትሪ ተቀይሮ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው። እንጦጦ ላይ ቆመህ «አንስታይን ነው» ትላለህ፤ እኔ ደግሞ «የመንገዱ ጉድጓድ ነው» እልሃለሁ። ማናችን እንደምንረታ በምን ይታወቃል?

ወጣቱ፦ ...በሌሎች ሰዓቶች።

መምህሩ፦ በስንት?

ወጣቱ፦ ቢያንስ ሦስት። ሁለት ሰዓቶች ሲለያዩ የትኛው እንደተንሸራተተ አይታወቅም። ሦስት ሲሆኑ፣ ሁለት ሁለቱን እያስተያዩ የእያንዳንዱን ጠባይ መለየት ይቻላል። ለእንጦጦው ጉዞ በሩቢዲየም እንደማይሆን እቀበላለሁ፤ ለሲዚየም እናስቀምጠው።

ቴክኒሻኗ፦ እንግዲህ አንድ መሥራት ያልቻልነው ሦስት ልንሠራ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ200 ዶላር የሚመጣ ብልቃጥ በብር ስንት እንደሆነ ደብተሬ ላይ አስልቼ ነበር፤ አልነግራችሁም።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኔ ክርክር የሚጠቅም አይደለም፣ ግን እውነት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአሜሪካው ስሚዝሶንያን ሳተላይቶችን የሚከታተል ቤከር-ነን የሚባል ትልቅ ካሜራ እዚሁ አጠገባችን፣ ያኔ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው ቢሾፍቱ አቁሞ ነበር። ሳተላይት በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ፎቶው የተነሳበት ቅጽበት በአንድ ሺኛ ሰከንድ ቢሳሳት የሳተላይቱ ቦታ በ7 ሜትር ይስታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ካሜራ ከሌንሱ እኩል ጥሩ ሰዓት ይፈልጋል። እና በዚህ ሸለቆ ውስጥ የሰከንድን ሽራፊ መቁጠር ዛሬ አልተጀመረም።

ወጣቱ፦ ይህ ለኔ ነው የሚጠቅመኝ፣ ጋሼ! ያው ስሚዝሶንያን እኮ ነው ሙንዎች በሚለው ፕሮግራም አማተሮችን ያሰለፈው። እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ ስትወጣ ትልልቆቹ ካሜራዎች ገና አልተዳረሱም ነበር። በትንንሽ ቴሌስኮፕ የጠበቋት መምህራን፣ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። እዚህም ቢሆን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲቋቋም ጨረቃ ላይ ሊወጡ ነው ተብሎ ያልተሳቀበት ቀን ያለ አይመስለኝም። በአሥራ አንድ ዓመቱ እንጦጦ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። መንግሥት የራሱን የስፔስ ተቋም ያቋቋመው ማኅበሩ መንገዱን ከጀመረ በኋላ ነው።

መምህሩ፦ ቴሌስኮፖቹ በሀብታም ድጋፍ ተገዙ እንጂ በጓሮ አልተሠሩም። ደግሞም ቴሌስኮፕ ለእንግዳ የሚያሳየው ጁፒተር አለው፣ የሳተርን ቀለበት አለው። ሕፃን ልጅ አንዴ አይቶ አይረሳውም። ያንተ ሳጥን ለእንግዳ ምን ያሳያል? በትክክል የሚቆጥር ቁጥር። ከስልኩ ላይ ካለው ቁጥር በምን እንደሚለይ ለማስረዳት ደግሞ ሁለት ሰዓት ትፈልጋለህ።

ቴክኒሻኗ፦ ይህቺ ከባድ ናት።

ወጣቱ፦ ከባድ ናት። ግን ከእግራችን ሥር ያለውን እንይ። የወንጂ ስምጥ ቀጠና ተብሎ በጂኦሎጂ መጻሕፍት የገባው እዚህ ጎረቤታችን ባለችው ወንጂ ስም ነው። የሸለቆው ሁለት ወገኖች በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተራራቁ ነው፤ ይህ የታወቀው በጂፒኤስ፣ ማለትም በአቶሚክ ሰዓቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ አዳማም አዲስ አበባም ተሰምቶናል። ሞገዱ የት እንደተነሳ የሚሰላው በየጣቢያው የደረሰበትን ሰዓት በማስተያየት ነው። የዚህ አካባቢ ልጅ ስለ ሰዓት ልክነት ሲማር ከጁፒተር የሚቀርብ ነገር አለው።

መምህሩ፦ ርዕደ መሬት ለመለካት ሚሊሰከንድ ይበቃል፤ ያ ደግሞ በርካሹ መቀበያ ይገኛል። የሸለቆውን መስፋት ለመለካትም የሚያስፈልገው ጥሩ አንቴናና ዓመታት ነው፤ የመቀበያው ሰዓት ስሕተት በሒሳቡ ይወገዳል። በዓለም ላይ ያሉት ምርጥ የብርሃን ሰዓቶች የአንድ ሴንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት ይለያሉ ይባላል፤ ዝዋይ አጠገብ ያለው የአሉቶ እሳተ ገሞራ መሬቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩ ነበር። እነሱ ግን የመንግሥታት ላቦራቶሪ ሥራ ናቸው፤ ባንተ ሰዓትና በእነሱ መካከል ያለው ርቀት ከእጅ ሰዓት እስካንተ ካለው ይበልጣል። የተነሳህለትን ጥያቄ ሁሉ ወይ ከሰዓትህ በታች ሆኖ አገኘሁት፣ ወይ ከሰዓትህ በላይ።

ወጣቱ፦ እንግዲያስ መሐሉን ልንገርዎ። በዚህ ሰዓት ውስጥ ሌዘር አለ፣ ማይክሮዌቭ አለ፣ የሙቀት ቁጥጥር አለ፣ ከጫጫታ ውስጥ ትንሽ ሲግናል መልቀም አለ። እዚሁ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 የቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር እነዚህን ለየብቻ ለማስተማር ስንት ላቦራቶሪ ያስፈልግ ነበር? እዚህ አንድ ሳጥን ውስጥ ተገናኝተው፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይጮኻል። ተማሪው ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ሲለውጥ ቁጥሩ ስንት እንደሄደ ያያል። ማግኔት ሲያስጠጋ ያያል። ስልኩ ትክክለኛውን ሰዓት ይነግረዋል፤ ትክክል የሆነበትን ምክንያት ግን አንድም ቀን አያሳየውም።

መምህሩ፦ ለትምህርት ቤት ጥሩ መልስ ነው። ለትምህርት ከሆነ ግን በእንጨት እንጀምር። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ አዳማ 39 ዲግሪ ከሩብ ላይ ናት። ስለዚህ እዚህ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት አይደለም፣ በአማካይ 6 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ ነው። መሬት ላይ እንጨት የተከለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጥላውን ቢመዘግብ ይህን ያገኘዋል። ዋጋው ዜሮ፣ ጉምሩክ የለበት።

ቴክኒሻኗ፦ እሱም ቢሆን መዝገብ ይፈልጋል። እኔ ልጠይቅ፤ መብራት ሲጠፋስ? ይሄ ሳጥን ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ሲነሳ ያው ቁጥር ላይ ይመለሳል?

ወጣቱ፦ በጣም ተጠግቶ ይመለሳል፣ ግን በትክክል እዚያው አይደለም። ሲሞቅ ብዙ ይበላል፤ ከሞቀ በኋላ ከ10 እስከ 15 ዋት ነው። አንድ ደህና የመኪና ባትሪ ሌሊቱን ያሳድረዋል። ምስክርነቱን በተመለከተ ደግሞ ሌላ መንገድ አስቤአለሁ። አዳማ አንድ፣ አዲስ አበባ አንድ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ አምስት ኪሎ የኢቲ3ኤኤ ሬዲዮ አማተሮች ጋር፣ ፈቃደኛ ከሆኑ። ሁለታችንም አንዱን ሳተላይት በአንድ ጊዜ እናየዋለን። የሳተላይቱ ሰዓት ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ለሁለታችንም ስለሚደርስ ሲቀናነስ ይጠፋል፤ የሚቀረው የኛ ልዩነት ነው። ላቦራቶሪዎች ለዓመታት የተጠቀሙበት ዘዴ ነው።

መምህሩ፦ ይህ አልከፋም። ለሱ ግን ሩቢዲየም ገና አያስፈልግም። መጀመሪያ መቀበያዋንና አንድ ኳርትዝ ይዘህ ሦስት ወር ያለማቋረጥ መዝግብ። የኳርትዙ መንሸራተት ከክፍሉ ሙቀት ጋር እንዴት እንደሚሄድ በግራፍ ካሳየኸኝ ስለ ብልቃጡ እንነጋገራለን።

ወጣቱ፦ መብራት የጠፋበት ቀንስ?

መምህሩ፦ መቼ እንደጠፋ፣ መቼ እንደመጣ ይጻፍ። በማን ሰዓት እንደጻፍከውም ጭምር።

ቴክኒሻኗ፦ ኳርትዝ እኔ ጋ አለ። ከተበላሸ መሣሪያ የነቀልኩት፣ ማሞቂያ ያለው፣ 10 ሜጋ ነው። ነገ ና ውሰድ፤ ሲመለስ ግን በሥርዓቱ ይመለስልኝ።